ግራው መቃን የቱፋ ነው

ቱፋ መሞቱን የነገረችኝ ባለቤቴ አስካለ ናት። ከእድር የተላከው ሰው ደጅ ቆሞ ለእሷ ነገራት፤ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ለእኔ ነገረችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለይስሙላ አይደለም። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጋሽ ቱፋ፣ የኔ ደግ፣ የኔ እርጋታ» እያለች ነው ያለቀሰችው። እኔም ደንግጫለሁ፤ የእኔም ዓይን እንባ አቅርሯል። ግን እንባው ሳይወርድ አንድ ሐሳብ ቀደመው፤ «ይቺ ሴት ለእኔስ እንዲህ ታለቅስ ይሆን?» የሚል።

ሰው ወዳጁ በሞተ ቀን በሟች ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ጥርሴ ተራ በተራ ጥሎኝ ሄዷል፤ ጸጉሬ ከእሱም ቀድሞ ነው የሄደው፤ ጉልበቴ ስነሳ አንድ ነገር፣ ስቀመጥ ሌላ ነገር ይናገራል። ቅናቴ ብቻ ገና ጎረምሳ ነው።

«በቃሽ፣ ዓይንሽ ይታመማል» አልኳት።

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለችኝ በነጠላዋ ጫፍ እየተጠራረገች።

እኔ ምን አውቃለሁ። ከሰውየው ጋር ዕድሜዬን ሙሉ አንድ መሰላል ስይዝና ስወጣ የኖርኩት ሰው ምን አውቃለሁ።

ቱፋና እኔ ቀለም ቀቢዎች ነን፤ ነበርን ልበል። እኔ የአቃቂ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። እሱ የገላን ሰው ነው። አባቱ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ የቱፋ ቤት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከድሮው ግቢ በተረፈች ቁራሽ መሬት ላይ ናት። «እኛ የትም አልሄድንም፤ አዲስ አበባ ናት መጥታ የተቀመጠችብን» ይል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ የሱፍ ቆብ የማያወልቅ ሰው ነው። ከአሮጌ አንሶላ የተቀደዱ፣ ታጥበው የተጣጠፉ ጨርቆች የሞሉበት ከረጢት ይዞ ይዞራል። ብሩሹ ከጨርቆቹ ስር ነው የሚቀመጠው፤ የማያውቀው ሰው ቀለም ቀቢ ሳይሆን ልብስ አጣቢ ነው የሚመስለው።

አጣቢም ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቤት ገብተን ሥራ ስንጀምር እኔ መጀመሪያ የምከፍተው የቀለሙን ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኛል፤ ደንበኛም ደስ ይለዋል፣ ሥራ ተጀመረ ይላል። ቱፋ ግን ውሃ ነበር የሚለምነው። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዱቄት ሳሙና። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ማቅለሚያና ቫርኒሽ ሲጠጣ የኖረውን የበር መቃን፣ የመስኮት ክፈፍ፣ ግድግዳው እግር ስር የሚዞረውን ዞኮሎ ሳይቀር እንደ ሕፃን ያጥባል። ሳሙናውን ደግሞ በንጹሕ ውሃ መልሶ ያጥበዋል። ያደርቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ይጠቀልልና የመቃኑን ጅማት ተከትሎ ይፈገፍጋል። አቧራውን ይጠርጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች ይዳብሰዋል።

«በመዳፍህ አትንካው» ይለኝ ነበር። «መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፤ ሁሉን ነገር ለስላሳ ነው ይልሃል። የእጅህ ጀርባ ግን አያዝንልህም።»

ደንበኛው በዚህ መሃል ይጨነቃል። ይገባል፣ ይወጣል፤ «ቀለሙ መቼ ነው?» ይላል። ቱፋ ዞር ሳይል «ሱታ» ይለዋል። በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። እሱ «ሱታ» ሲል ሰው ይረጋጋል፤ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ስለ ልጆቹ ያወራለታል። እኔ «ቀስ» ብል ግን «ምን እየጠበቅህ ነው?» ነው የሚሉኝ። ሞክሬዋለሁ። «ሱታ» ብዬም ሞክሬያለሁ፤ አንዲት የሳሪስ ሴትዮ «ምን ነካዎት?» ነበር ያሉኝ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ከኪሱ የሴት ስቶኪንግ ያወጣል። አዎ፣ እግር ላይ የሚለበሰውን፣ ስሱን። እጁን እንደ ጓንት ይከትበትና እንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያንሸራትተዋል። ዓይን የማያየው፣ የእጅ ጀርባም የሳተው ስንጣሪ ካለ ስሱ ክር ይያዝበታል። ክሩ ከተያዘ እንጨቱ ገና ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ይመለሳል። ቃሊቲ መታጠፊያው ላይ ሥራ ስንጠብቅ ከምንሰበሰበው ቀለም ቀቢዎች መሃል በዚህች ስቶኪንግ በመቀለድ እኔን የሚያክል አልነበረም።

«ቱፋ፣ ዛሬስ የማንኛዋ ናት?» እለዋለሁ።

«የእንጨቷ» ይለኛል።

ሳቁ ወደ እኔ ይዞራል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እኔ እቀልዳለሁ፣ ሰው የሚስቀው በእሱ መልስ ነው።

የዚያን ጊዜ የእኔ ቅጽል ስም ሞተሩ ነበር። ጌታነህ ሞተሩ። ፈጣን ነኛ። በዚያ ስም እንዴት እኮራ እንደነበር ሳስበው ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ስሙን ያጣሁት ሳሪስ አቦ ነው፤ ጡረታ የወጡ አንዲት ሴትዮ ቤት። እንጨታቸው ሁሉ ያንን ድሮ ይወደድ የነበረውን ጥቁር ቡናማ መልክ የያዘ ነበር፤ ነጭ አድርጉልኝ አሉ። ተከፋፈልን። ሳሎኑን እኔ ወሰድኩ፣ ኮሪደሩንና መኝታ ቤቶቹን ቱፋ ወሰደ። እኔ በአቧራ መጥረጊያ ዳበስ አድርጌ ቀለሜን ለጠፍኩት። ሲያበራ። ሴትዮዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። ቱፋ በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ውስጥ ተንበርክኮ ዞኮሎ ያጥባል።

«ቱፋ፣ እንጨቱን ልትቀባው ነው ወይስ ልታገባው?» አልኩት ሴትዮዋ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

«አንተ ሳትድረኝ?» አለ። ሴትዮዋ ሳቁ። በእሱ መልስ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሴትዮዋ እህት ሊጠይቋቸው መጡና ወሬ እያወሩ የሳሎኑን መቃን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ቀለሜ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላጠ። አንዱን ጫፍ ይዘው ሲስቡት ከጉልበት እስከ አናት ድረስ ሳይበጠስ መጣላቸው አሉ። ቫርኒሽ ለስላሳ ነገር ነው፤ ካልተፈገፈገ ቀለም የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር ለማለት አልችልም፤ አውቃለሁ። ቸኩዬ ነው። ሴትዮዋ ሳሎኑን የሚያስተካክል ሰው ሲፈልጉ ማንን እንደጠሩ አልነግራችሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠፊያው ላይ ስሜ ድንች ሆነ። ዛሬም የቀሩት ጥቂቶች «ድንቹ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፤ እኔም ደህና እላለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምቀናው በሥራው ብቻ ነበር። ቅናቴ ቤቴ ድረስ የገባው ልጃችንን ሰናይትን ሊጠይቁ ሽማግሎች ሊመጡ ሲሉ ነው።

ቤታችን አባቴ የሠራው ነው። የፊት ለፊቱ በር መቃን ወፍራም ነው፤ ማቅለሚያና ቫርኒሽ በላይ በላዩ እየተቀባ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። አስካለ ነጭ ይሁንልኝ ትል ነበር፣ እኔ ነገ እላለሁ። የሽማግሎቹ ቀን ሲቆረጥ፣ «ይኸው ነገ እጀምራለሁ» አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ቀና አላለችም። «ጋሽ ቱፋን ጠርቻቸዋለሁ።»

«ቱፋን? ለኛ ቤት?»

«ለኛ ቤት።»

«ሴትዮ፣ እኔ እኮ ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «የሳሪሱንም አውቃለሁ።»

እስኪ አስቡት። ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤት ሄዶ ዳቦ ቢገዛ ምን ይባላል? ባልደረቦቼ ሲሰሙ፣ የእድሩ ሰው ሲሰማ፣ ሽማግሎቹ ራሳቸው ሲሰሙ። የልጄ እጅ በሚጠየቅበት በር ላይ የሌላ ሰው እጅ ሊያልፍበት ነው። ኩርፊያ ሞከርኩ፤ ምሳ አልበላም አልኩ። ምሳው ተነሳ። እራት በላሁ።

ቱፋ በማግስቱ ከረጢቱን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እኔን አየኝና፣ «ጌታነህ፣ ካልፈለግክ እመለሳለሁ» አለኝ። ይህን ባይል ይሻለኝ ነበር። «ግባ፣ ግባ» አልኩት፣ እንደ ደግ ሰው።

በቤቴ ያየሁትን ላውራችሁ። አስካለ እሱን «እርስዎ» ትላለች፤ እኔን «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለኝ። በሥራ ቀን እንቁላል በቃሪያ ተጠብሶ ቀረበለት፤ ለእኔ የሥራ ቀን ሽሮ ነው። «ጋሽ ቱፋ፣ ትንሽ ይረፉ» ትላለች። «ጋሽ ቱፋ፣ ፀሐይዋ ዞረችብዎት።» እኔ በፀሐይ ውስጥ ዕድሜዬን ስቀባ ዞረችብህ ያለኝ የለም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ እንደማነብ ሆኜ አይ ነበር። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቱፋ የመቃኑን አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲዳብስ ቆየ። በእጁ ጀርባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ፣ የነከረውን ጨርቅ አሳረፈበት፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ተነሳ። ሌላ ጨርቅ ቀየረ። እሱም ቢጫ ሆነ።

«ወይዘሮ አስካለ» ብሎ ተጣራ። «እዚህ ጋ ራሱን የሚያስደግፍ ማነው?»

«የቱ ጋ?»

«ይኸው። እንጨቱ ቅቤ ጠጥቷል። የዓመት ሁለት ዓመት አይደለም። ራሱን ቅቤ የተቀባ ሰው ተደግፎት ኖሯል።»

አስካለ ቀረብ ብላ አየችው። ቦታው ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል። አፏን በእጇ ያዘች።

«አማቴ ናቸው» አለች። «እማማ። በዓል ሲሆን ጸጉራቸውን ይቀቡና እዚችው ጋ ቆመው የአባባን ባቡር ይጠብቁ ነበር። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ አባባ ጡረታ ወጥተዋል፤ እሳቸው ግን በሰዓቱ ይመጡና ይቆማሉ። አባባ ከሞቱ በኋላም ይቆሙ ነበር።»

ቱፋ ጨርቁን አጠፈ። «እንግዲያው ሱታ ነው» አለ። «እሳቸውን ማጣደፍ አይገባም።»

ጋዜጣዬን አስቀመጥኩ። በዚያ በር የወጣሁትና የገባሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የከተማውን በር ሁሉ ስቀባ ኖሬ፣ እናቴ በራሴ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ ያወቀው ቱፋ ነው። መጣ፣ ዳበሳት፣ አገኛት። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ቀናሁ።

ያ እንኳ ባልከፋ። ከሰዓት በኋላ ቱፋ ስቶኪንጉን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ተቀዶ አገኘው። አስካለ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ይዛ መጣች። አወቅሁት። ለሰናይት ክርስትና ትለብሰው ዘንድ ሳሪስ ገበያ ዞሬ እኔ ነኝ የገዛሁላት። ቱፋ አመስግኖ እጁን ከተተበት። ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ አስገባው። ኪሱ።

ሲሄድ ጠብቄ፣ «ስቶኪንግሽን ለምን ሰጠሽው?» አልኳት።

«ቀዳዳ ነው።»

«ቀዳዳም ቢሆን የእግርሽ ነው።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጌታነህ፣ ጥርስህ ካለቀ በኋላ ነው እግሬ ትዝ ያለህ?»

ጋዜጣዬን አንስቼ ጥግ ያዝኩ። 

በማግስቱ ቱፋ አልመጣም፤ ገላን ዘመዱ አርፎበት ለቀብር ሄደ። እንጨቱ ታጥቧል፣ ተፈግፍጓል፣ በአቃቂ ነፋስ ደርቋል። የቀረው ጎማላካው ነበር፤ በአልኮል የሚሟሟው ሙጫ። ያንን ከስር ካልቀቡት የድሮው ማቅለሚያ በነጩ ቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። አውቃለሁ፤ ማን የማያውቅ አለ። ግን ሽማግሎቹ በሦስተኛው ቀን ይመጣሉ፣ ቱፋ የለም፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«እንዳትነካው» አለችኝ አስካለ፣ ዓይኔን አይታ።

«የማን በር ነው?»

«ያንተ። እንዳትነካው።»

ክዳኑን ከፈትኩት። ያ ድምፅ። እመኑኝ፣ በዚያ ቀን እንደቀባሁት ቀብቼ አላውቅም። የብሩሽ ጭረት አይታይበትም። ሲመሽ አስካለ መጥታ ቆመች፤ መቃኑ በጨለመው ግድግዳ መሃል እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቆሟል። «አምሯል» አለች። ወድዳ አይደለም ያለችው፤ አምልጧት ነው። እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ተኛሁ። ቱፋ ሆይ፣ ቀብርህን ቅበር አልኩ በልቤ።

ጠዋት ስነሳ መቃኑ ኩፍኝ ይዞታል። ቀይ ቡናማ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም ወጥቷል። እናቴ ራሷን ታስደግፍበት የነበረው ቦታ ደግሞ ጭራሽ አልደረቀም፤ ጣቴን ባሳርፍ ተጣበቀብኝ። አስካለ ከኋላዬ ቆማለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሽማግሎቹ ነገ ናቸው» ብቻ አለች። ሰናይት ከውስጥ ወጣች፣ አየች፣ ተመልሳ ገባች።

በዚህ መሃል ነው ቱፋ ከረጢቱን ይዞ የደረሰው። ቆቡን አወለቀ። ቆቡን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየው። እኔ ጣቴ ላይ የተጣበቀውን ቀለም ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። ስድቡን ጠበቅሁ፤ ቢያንስ አንዲት ቀልድ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ለዓመት የሚበቃ ቀልድ አገኝ ነበር።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» አለ። «እንጨቱ ነው ያልጨረሰው። ሱሪህን ተወው፣ ና ያዝ።»

መፋቂያውን ስፓቱላ ሰጠኝ። ያ ቀን ረጅም ነበር። ከግራ እሱ፣ ከቀኝ እኔ ሆነን ትናንት የቀባሁትን ፋቅን፤ በአኳራጅ አጠብን፤ እንደገና ፈገፈግን። የእናቴን ቦታ ጨርቅ እየቀያየርን አደረቅነው። ስጣደፍ «ሱታ» ይለኛል። ስቆም ደግሞ «ሱታ ማለት ተኛ ማለት አይደለም» ይለኛል። ጨረስኩ ስለው ከኪሱ ስቶኪንጉን አወጣና እጄ ላይ አጠለቀልኝ። የሚስቴን ስቶኪንግ ለእኔ። አንሸራተትኩት፤ ተያዘ። ፈገፈግሁ። ደግሞ ተያዘ። አስካለ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሽማግሌ ሰውዬ፣ የሴት ካልሲ እጁ ላይ አጥልቆ፣ የራሱን በር ሲያሻሽ። በመጨረሻ ከአናት እስከ እግር ሳይያዝ ሄደልኝ፤ እንደ ውሃ። ጎማላካውን ቀባን፤ ቶሎ የሚደርቅ ነገር ነው፣ ደረቀ።

ከዚያ ቱፋ ብሩሹን ወደ እኔ ዘረጋ። «ቀለሙን አንተ ቀባው።»

«ለምን?»

«በርህ ነው። እጅህም ጥሩ ነው፤ ችግርህ ከእጅህ በፊት ያለው ነው።»

ቀባሁት። በነጋታው ሽማግሎቹ መጡ። አንደኛው፣ ከዘራ የያዙት ትልቁ፣ ደረጃዋን ሲወጡ መቃኑን ጥርቅም አድርገው ያዙት።  እጃቸውን አነሱ፤ ቀለሙ እንዳለ ነው። ዳበሱት። «ባለሙያ የነካው ቤት ነው» አሉ። «ማን ሠራው?»

አስካለን አየኋት።

«ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሰው ናቸው» አለች። ከዚያ አገጯን ወደ እኔ ቀና አድርጋ፣ «ቀለሙን ይሄ ነው የቀባው» አለች፣ ባልዲውን እንደምታሳይ ሁሉ።

ሰናይት ተዳረች፤ ልጅ ወለደች። በሩ እስከ ዛሬ አልተላጠም። አስካለ ሽማግሎቹ ፊት የእሱን ስም ማስቀደሟን ለቱፋ አንድ ቀን አማረርኩለት። ሳቀና፣ «ሰው የሚያየው እኮ ያንተን ነው» አለኝ። «እኔ ከስር ነኝ፣ እኔን ማን ያየኛል?» በዚያም ቀናሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለምን እኔ አልተናገርኩትም?

ለቀብሩ የመጣው ሰው ብዛት የሚያስቆጣ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ወርዷል፤ የድሮዎቹ የገላን ገበሬዎች መጥተዋል፤ የሳሪሷ ሴትዮ እንኳ በከዘራ መጥተዋል። በየቤታቸው የዳበሰው እንጨት አለ ማለት ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር በቱፋ ቤት በር ቆሜ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር ላወጣ መቃኑን ተደገፍኩ። እጄ ተንሸራተተ። በእጄ ጀርባ ነካሁት። ራቁቱን የወጣ እንጨት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ግራው መቃን ታጥቦ፣ ተፈግፍጎ አልቋል። ቀኙ እንደ ጥንቱ ጥቁር ቫርኒሹን ለብሶ ቆሟል።

ባለቤቱ ጫልቱ ከውስጥ አየችኝ።

«ከአምና ጀምሮ ነው» አለች። «የሰው በር ሲያልቅለት ወደዚህ ይመጣል፤ ሱታ ሱታ ይለኛል። ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል ነው የታመመው።» ዓይኗን ጠረገች። «ለአርባው ሰው ይመጣል፣ ጋሽ ጌታነህ። በዚህ በር ሰው ላስገባ?»

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልተማከርኩም።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስመለስ ነው ያሰብኩት። አንድ በር። ግራው የቱፋ፣ ቀኙ የእኔ። ለተዝካሩ የሚመጣው ሰው ሁሉ በሁለታችን መሃል ነው የሚያልፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ከእሱ ጋር እንዳልመዘን ስሸሽ ኖሬ፣ ሰውየው ሞቶ ጎኑ አቆመኝ። አስካለ ደግሞ ትመጣለች። መጀመሪያ የምታደርገውንም አውቃለሁ፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሁለቱንም መቃን በእጇ ጀርባ ትዳብሳለች። ከእሱ ተምራለች።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። «አንተ?» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።  እሷ ግን ተነስታ ሣጥኗን ከፈተች፤ ከልብሶቿ ስር ሲያገላብጥ የነበረ እጇ ስቶኪንግ ይዞ ወጣ። ገና ከማሸጊያው ያልወጣ።

«አሮጌ የለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ያዝ።»

«አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስ ነው» አለች። «ለእሳቸው ቀዳዳውን ነበር የሰጠኋቸው። ስትጨርስ ልትጠራኝ አትምጣ፣ እኔው መጥቼ አየዋለሁ።»

ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው፤ እጄን አስገብቼ እነካዋለሁ። የእኔ አዲስ ነው። የቱፋ ቀዳዳ ነበር። ይህን ለመናገር የሚያፍር ሰው አይደለሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ገላን እወርዳለሁ። ጫልቱን ለብ ያለ ውሃ እለምናታለሁ። ጉልበቴ ከብርጭቆ ወረቀቱ በላይ ይጮኻል፤ እየተንበረከክሁ አጥባለሁ፣ እየተነሳሁ እፈገፍጋለሁ። የቀለሙን ቆርቆሮ ቤት ትቼው ነው የምመጣው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ዛሬ አለቀ ብዬ ስቶኪንጉን ከማሸጊያው አወጣሁና እጄን ከተትኩበት። መጀመሪያ በግራው ሞከርኩት። ከአናት እስከ እግር ሄደ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ወደ ቀኙ ዞርኩ። ከላይ ሄደልኝ፣ ሄደልኝ፣ ደረቴ ጋ ሲደርስ ክሩ ተያዘ።

ግራውን መቃን አየሁት። ምንም አላለኝም። እሱ እንደዚያ ነው።

ስቶኪንጉን አውልቄ በጥንቃቄ አጣጠፍኩ። ተቀመጥኩና ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ። ቱፋ ቢኖር የሚላትን ቃል አውቃለሁ፤ ስለሌለ እኔው ለራሴ አልኳት። ግን በጣም ቀስ ብዬ ነው ያልኳት፤ ጫልቱ ከውስጥ ሰምታ ለአስካለ እንዳትነግርብኝ።